የእናቴ ድሙይ በባህል ማዕከሉ ሱቅ

ጋምቤላ ክልል ከሆነች ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ከባሮ ዳር ብዙም ሳይርቅ የባህል ማዕከል የሚባል ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ተከፈተ። ከፊቱ ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ከትምህርት ቤት መልስ ሻጯ እኔ ነበርኩ። ቅርጫት፣ ቅል፣ የሸክላ ፒፓ፣ ከገበያ የመጣ የፕላስቲክ ጨሌ እንሸጣለን። ገዢዎቻችን ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሙቀቱን እየረገሙ ይገቡና አንድ ቅርጫት አንጠልጥለው ይወጣሉ።

የሱቁ ኃላፊ ከደጋ የመጣች ሴት ነበረች። ያን ጊዜ አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ግን እሷ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ይበቃታል። መውደዱንስ ወድጃት ነበር። አማርኛዬ ሲሰባበር ሳትስቅ ያቃናችልኝ፣ ታይፕ መምታት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን እየመጣች እናቴ የምትጠብሰውን ዓሣ ትበላ ነበር። እናቴ አማርኛ አትችልም፣ እሷ የእኛን ቋንቋ አትችልም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በምልክት ሲሳሳቁ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን በመኪና ካርቶኖች መጡ። ስለ ክልሉ ሕዝቦች ባህል የተጻፈ አዲስ መጽሐፍ ነው፤ ፎቶ ያለበት፣ ቀለሙ ገና የሚሸት። ስለ እኛ የተጻፈ መጽሐፍ በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ ጋብቻችንን የሚያወራውን ገጽ ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት። ለምረቃው ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ኃላፊዬ መጽሐፉን ብቻውን መደርደር አይበቃም፣ አጠገቡ እውነተኛ ድሙይ ቢቀመጥ ያምራል አለች። እናቴን እንድለምንላትም ጠየቀችኝ።

ድሙይ ሰማያዊ የመስታወት ጨሌ ነው፤ አሮጌ፣ ብዙም የማያብረቀርቅ። ዛሬ የሚሠራው የለም፣ ከቅድመ አያቶች የወረደው ብቻ ነው ያለው። አኙዋክ ሲያገባ ለሴቷ ቤተሰብ የሚሰጠው እሱን ነው። እህት ስትዳር የገባው ድሙይ ይቀመጥና ወንድም ሲያገባ ይወጣል። የእኛ ቤቱ የገባው ታላቅ እህቴ ስትዳር ነበር። ወንድሜ በእሱ ሊያገባ አንዲት ልጅ ጠይቋል፣ ቤተሰቦቿም እሺ ብለዋል፤ የቀረው ድሙዩን ማስረከብ ብቻ ነው። እናቴ ከማሰሮ ውስጥ አውጥታ ስትሰጠኝ፣ ሦስት ቀን ብቻ አለችኝ። ይህን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ለኃላፊዬ ነገርኳት። እንደ ዓይኗ ብሌን እንደምትጠብቀው ማለችልኝ።

የምረቃው ቀን ሱቋ ጢም አለች። ዋናው እንግዳ የመስታወት ሳጥኑ ፊት ብዙ ቆሙ፤ ድሙዩን አተኩረው ሲያዩ ኩራት ኩራት አለኝ። ወዲያው ኃላፊዬ ለስላሳ እንዳመጣ ላከችኝ። ስመለስ መጽሐፉንና አንዲት የተዘጋች ትንሽ ካርቶን ሰጥታኝ፣ የእንግዳው ስጦታ ነውና አሳምረሽ ጠቅልዪው አለችኝ። ጠቀለልኩት። ሪባን አሰርኩበት፣ ጫፉንም በመቀስ ስቤ አጠማዘዝኩት። መድረክ ላይ ሲሰጣቸው ከሰው ሁሉ አብልጬ ሳላጨበጭብ አልቀረሁም።

መኪኖቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከሄዱ በኋላ ሳጥኑን ላጸዳ ብመጣ መጽሐፉ ብቻውን ቆሟል። ሮጬ ጠየቅኳት፤ አልደበቀችኝም። እንግዳው በጣም ወደዱት፣ እንግዳ የወደደውን እንዴት ይከለከላል፣ ማዕከሉም ከእኚህ ሰው ብዙ ይጠብቃል አለችኝ።

«ለጨሌ ምን ያስለቅስሻል የኔ ልጅ? ከገበያ ከዚያ የሚያምር እገዛልሻለሁ።»

እውነትም በማግስቱ ገዝታ መጣች፤ ቀይና ቢጫ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ተረቱንም ያስተማረችኝ እሷው ናት፣ እኛ ጋ ፈረስ የለም። ደብዳቤ ጽፋ እንድታስመልሰው እግሯ ላይ ወደቅኩ። የተሰጠ ስጦታ መልሱ ማለት ነውር ነው አለች። የእናቴ ድሙይ የእሷ ስጦታ የሆነው መቼ እንደሆነ ብጠይቃት የሱቁን ሂሳብ መደመር ጀመረች። ሳታውቅ ያደረገችው ቢሆን ይቅር እላት ነበር። ግን ታውቅ ነበር፤ ነግሬያታለሁ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቤታችን መምጣቷን ተወች።

እናቴ አልጮኸችም። ማን ሰጣቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔ አልኳት። የወንድሜ እጮኛ ቤተሰቦች አንድ ክረምት ታገሱ። ወንድሜ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ ከእኔ ጋር መብላት ግን አቆመ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ድሙይ ወደ አንድ ቤት የሚገባው ከዚያ ቤት ሴት ልጅ ስትወጣ ነው። በቤታችን የቀረችው ሴት ልጅ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልፈተን ነበር። ያገባኝ ሰው የአቦቦ ሰው ነው፤ በዕድሜ እጅግ ይበልጠኛል፣ ከእኔ በፊትም ሚስት አለችው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን አልመረጥኩትም።

ኃላፊዬ ለሠርጌ መጣች፤ ማን እንደጠራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ለእኔ የተሰጠውን ድሙይ ቆዳ ላይ ዘርግተው ፍሬ በፍሬ ሲመረምሩ አጎንብሳ አየችው። ከዚያ ፊቷ በራ፤ ከልቧ ነበር። ጠጋ ብላ በጆሮዬ፦

«አየሽ የኔ ልጅ፣ ይኸው ተገኘ» አለችኝ።