ባሌ «አይ» ያለበት ማክሰኞ

ባሌን ልገድለው ያሰብኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺም ማክሰኞ ናት።

ሰውየው እዚህ ኮሎምበስ፣ በአንድ ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ስድስት ዓመት ረዳት አሰልጣኝ ነበር። አገር ቤትም ቡድን አሰልጥኗል። የተጋጣሚን ጨዋታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እያየ የሚጽፈው ማስታወሻ ቤታችንን ሞልቶታል። ክለቡ ግን የሚሰጠው ማሟሟቅና ማስሮጥ ነው፤ ማስታወሻውን ወስዶ ስብሰባ ላይ የሚያስረዳው ሌላ ሰው። ሜዳ ላይ የሚሮጡት አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ዳር ቆመው የሚያዝዙት ነጮች። ዋና አሰልጣኝ ሦስት ጊዜ ሲቀያየር ሦስቱንም ሥራውን ያለማመዳቸው እሱ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም ታናሽ ወንድሙ የሚሆን ልጅ ነበር። «አንተ ጠንካራ ሠራተኛ ነህ፣ ተጫዋቾቹም ይወዱሃል» ይሉታል። ሲደጋገም ስድብ መስሎ ይሰማኝ ጀመር። እሱ «ተዪው፣ እግዜር ያውቃል» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከአረጋውያን መንከባከቢያው ሥራዬ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ፈገግ ብሎ መጣ።

«ዋና አሰልጣኝ ሁን አሉኝ» አለ።

«እሰይ! ምን አልካቸው?»

«‹አይ፣ ከእኔ የሚሻል ካለ ቅድሚያ ለእሱ ስጡ› አልኳቸው።»

ላቅፈው የዘረጋሁት እጄ አየር ላይ ቀረ። «እነሱስ?»

«የክለቡ ዳይሬክተር ‹ውሳኔህን ሪስፔክት አደርጋለሁ› ብሎ ጨበጠኝ። ነገ ደግመው ይጠይቁኛል።»

«ማን ነው የሚጠይቅህ? ምሳ ብላ የተባልክ መሰለህ እንዴ፣ ‹አፈር ስሆን› እያሉ የሚለምኑህ?»

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» ጨዋነት ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። እዚህ ግን አይ ካልክ አይ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ከሁሉ ያንገበገበኝ ደግሞ፣ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ጥቁር ሁሉ «ጠይቀን ነበር፣ እምቢ አሉን» የሚሉት መልስ ማግኘታቸው ነው።

«ለዳይሬክተሩ ኮል አድርግለት!» አልኩት። ደወለ፤ አይነሳም።

«ተነስ!»

ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ከሰፈራችን ከብሌንደን ታውንሺፕ እስከ ልምምድ ሜዳው ነዳሁት። መንገዱን ሙሉ «ለሹመት ሮጦ መጣ አይሉኝም?» እያለ ሲያጉረመርም፣ እኔ በንዴት ቀይ መብራት ልጥስ ምንም አልቀረኝም።

እሱ ገባ። እኔ መኪናው ውስጥ ስንት ጊዜ «ጌታ ሆይ» እንዳልኩ ጌታ ራሱ ይቁጠረው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወጣ። ፊቱ እንደወትሮው ነው፤ ደስታም ኀዘንም የማያወጣ ፊት ነው እግዜር የሰጠው። በሩን ከፍቶ ተቀመጠ።

«ዳይሬክተሩን ለሌላ ሰው ሊደውል ስልኩን ይዞ አገኘሁት» አለኝ። «‹ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ ከማንም በላይም እችለዋለሁ› አልኩት። ሰኞ እፈርማለሁ።»

ተመስገን! ስድስት ዓመት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ተነሳልኝ፤ አየር በደንብ ገባኝ። መስኮቱን አውርጄ እልልታውን አቀለጥኩት። ሜዳው ላይ ኳስ የሚሰበስቡት ሰዎች ዞረው አዩን።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» አለኝ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

«ይስማ!» አልኩት። «ዝም ስንል ማን ሰማን?»