የጋቫራጁ «ኦኬ»

ሃይደራባድ ውስጥ ፊልም ነክ ሰው ሁሉ ዳይሬክተር ጋቫራጁን ያውቀዋል። ፊልሞቹን ለይቶ የሚያውቅ ግን የለም፤ እሱ ራሱም ጭምር። ሌላው ዳይሬክተር የተዋናይቷን ሳሪ ቀለም መርጦ ሳይጨርስ፣ ጋቫራጁ ፊልሙን ጨርሶ፣ በመዝጊያው ዕለት እንደ አገሩ ልማድ ክፉ ዓይን የሚያባርረውን ዱባ መሬት ላይ አስፈርጦ፣ ለሚቀጥለው ፊልም መክፈቻ ኮኮናት ያሰብራል። ፕሮዲዩሰሮች ይሳሱለታል። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አይቀርጽማ! ተዋናዩ የከፈተውን አፍ ሳይዘጋ «ኦኬ! ቀጣይ!» ይላል። «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ፣ አንዴ ይደገም» ብሎ የሚለምን ቢመጣ መልሱ ያው ነው።

«ተመልካቹ የሚያየው አንዴ ነው፤ አንተ ምን ቆርጦህ ሁለቴ ትሠራለህ?»

ይህን ፈሊጥ የያዘው በችግር ጊዜ ነው። ከቴናሊ አጠገብ ካለች መንደር ማድራስ ሄዶ ለአንድ ዳይሬክተር ሻይ እያመላለሰ ሳለ አለቃው ታመመና የተጀመረ ፊልም እጁ ላይ ወደቀ። ያልተቀረጸበት የፊልም ጥቅል ሊያልቅ ተቃርቦ ስለነበር ያየውን ሁሉ ኦኬ እያለ ጨረሰው። ፊልሙ አዳራሽ ሞላ። ከዚያ በኋላ ማን ያስተምረዋል?

አንድ ጊዜ እንዲያውም በአንድ ቤት ውስጥ ጠዋት አንድ ፊልም፣ ከሰዓት ሌላ ፊልም ይቀርጽ ነበር። በሁለቱም እናት የሆነችው ተዋናይት ግራ ገባትና የዚያኛውን ልጅ ስም እየጠራች በዚህኛው ልጅ ሬሳ ላይ አለቀሰች። ረዳቱ አፓራኦ ክው አለ።

«ጋሼ፣ ስሙን ሳተችው እኮ!»

«አለቀሰች አላለቀሰችም?»

«አለቀሰች።»

«ኦኬ! ቀጣይ!»

ሕዝቡ እናትየዋን ሐዘን አእምሮዋን ነስቷት ነው ብሎ አብሯት ተንሰቀሰቀ። አንድ ጋዜጣ የዳይሬክተሩን ጥልቀት አደነቀ። እዚህ አገር ደግሞ አንዴ የቀናን ነገር መተው ነውር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጋቫራጁ ፊልም ያሉ እናቶች ሁሉ የልጃቸውን ስም ሆን ብለው ይስታሉ።

ከሁሉ የተካነው ግን በሙሽራ ማስረከብ ነው። አባት የልጁን መዳፍ ወተት ውስጥ ነክሮ በአማቶቿ እጅ ሲያኖር፣ ያ ትዕይንት በሌለበት ፊልም ላይ ጋቫራጁ ስሙን አያስጽፍም። በየአዳራሹ ያሉ ሴቶች በሳሪያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሚስቱ ሱንደራማ ብቻ ዓይኗ ደርቆ ትወጣለች። እሱ የሰው ልጅ ሲድር፣ አንዲት ልጃቸውን ፓድማጃን ብቻዋን ያሳደገች እሷ ናት።

የፓድማጃ የሠርግ ቀን ሲቆረጥ በር ላይ ጠበቀችው።

«የፓድማጃ አባት፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ቶሎ በይው፣ መኪና እየጠበቀኝ ነው።»

«የዚያን ዕለት አባት ይሁኑላት። ዳይሬክተር አይሁኑ። አንድ ቀን ብቻ።»

«ኦኬ» አላት። ሱንደራማ የፈራችውም ይህችኑ ቃል ነበር።

ኮከብ ቆጣሪው ለሠርጉ የመረጠው መልካም ቀን ለጋቫራጁም የቀረጻ ቀኑ ሆኖ ተገኘ። እሱ ምን ቸገረው! ለፊልሙ የተከራየው ቤት አበባው ተሰቅሏል፣ መብራቱ ተተክሏል፤ ጠዋት ፓድማጃ ትዳራለች፣ ከሰዓት ደግሞ የፊልሙ ሙሽራ ጋውሪ። እንግዶቹና ለፊልሙ የተቀጠሩት አልቃሾች ተደበላልቀው ፑሊሆራ የሚሉትን የድግስ ሩዝ ይበሉ ጀመር።

«አንተን ማን አመጣህ?» አለ አንዱ አልቃሽ አጠገቡ ያለውን ሰውዬ።

«የሙሽራዋ እናት እህቴ ናት።»

«ታድለህ! እኔንስ አፓራኦ ነው።»

ጋቫራጁ እውነትም ታገለ። የጋብቻው ክር በፓድማጃ አንገት ላይ ሲታሰር እጁን ብብቱ ሥር ቀብሮ ትንፍሽ አላለም። ሱንደራማ ልቧ መለስ ማለት ጀመረ። ከዚያ ወተቱ መጣ።

«ሱንደራማ፣ ወደ ግራ! ፊቷን ጋረድሽው! አማች፣ ቀና በሉ እንጂ!» አለ። የሙሽራው አባት የራጃማንድሪ ከተማ መድኃኒት ሻጭ ነው፤ ደንግጦ አገጩን አነሣ። ጋቫራጁ የልጁን መዳፍ ወተት ውስጥ ነክሮ በአዳራሽ ድምፁ አስተጋባ።

«ዓይኔን ነው አውጥቼ የሰጠኋችሁ! ከእንግዲህ የናንተ ብርሃን ናት! ጋውሪ፣ ልጄ፣ የገባሽበትን ቤት አስጠሪ! ኦኬ!»

ስሙን መሳቱን ሁሉም ሰምቷል። ሆን ብሎ ነው ብለው የባሰ ተንሰቀሰቁ፤ የሙሽራው እናት በሁለት ሴት ተደገፈች። ሱንደራማ መሬት መሬት አየች። አፈረችበት።

ፓድማጃ አላለቀሰችም። አበባ ወደለበሰችው መኪና ሄዳ አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ አወጣችው። ተመልሳ መጥታ መዳፏን እንደገና ወተቱ ውስጥ ከተተች።

«አባዬ፣ አንዴ ይደገም» አለችው።

አፓራኦ ዞሮ ጋቫራጁን አየ። ይህን የለመኑ ታላላቅ ተዋንያን ምን እንደተባሉ ያውቃል። መድኃኒት ሻጩ ሰዓቱን አየ።

«መልካሙ ሰዓት እያለፈ ነው እኮ!»

«ይለፋ!» አለች ሱንደራማ።

ጋቫራጁ የልጁን እጅ ያዘ። «ዓይኔን...» ብሎ ጀመረና ቆመ። አልቃሾቹም ምልክት ፍለጋ አፓራኦን አፓራኦን አዩ።

«ፓድማጃ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። «ትምህርት ቤት አንድም ቀን አላደረስኩሽም።»

«አላደረስከኝም፣ አባዬ።»

ቀጥሎ ምን እንደሚባል አላወቀም፤ የጻፈለት ሰው የለም። ወተቱ በክርኑ ወርዶ ሸሚዙን አራሰው። እጇን ግን አልለቀቀም። ሱንደራማ የሳሪዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች።