ለከርከሮ የመረጥኩት ጥይት

እህቴ ደውላ «ማሽላው አለቀብን» ስትለኝ ዳባት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ነበርኩ። እሷና ባሏ ከደባርቅ በታች፣ ሊማሊሞን ወርዶ ባለው ቆላ፣ ከአባታችን የቀረውን መሬት ያርሳሉ። ያን ዓመት ከርከሮ ከሸለቆው እየወጣ ጠዋትና አመሻሽ ማሳውን ይፈነቅል ነበር። በድንጋይም በውሻም አልመለስ አለ። ቦታው ከብሔራዊ ፓርኩ ውጭ በመሆኑ ቀበሌው ለወረዳው አመለከተና ሦስት ከርከሮ እንዲገደል የጽሑፍ ፈቃድ መጣ። ተኳሽ ሲፈለግ ሰዉ እኔን መረጠ። የአባቴ ቤልጅግ ጠመንጃ በስሜ ተመዝግቦ ቤት ተቀምጧል፤ በዚያ ላይ የተማርኩ ነኝ። ተኩሼ የማውቀው ግን ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ብቻ ነበር። ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ነገሩን በስሌት ጀመርኩት። ከባድ እርሳስ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሄድ ጉልበቱ ይበዛል፤ ጉልበቱ ሲበዛ እንስሳው ቶሎ ይወድቃል አልኩ። ደባርቅ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ድሮ ወደ ደቡብ የውጭ አገር አዳኞችን ይዞ የሚዞር ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ለጎሽ የተሠራ ትልቅ ጠመንጃ በፈቃድ ይዟል። ጥይቱን ከቤልጅጉ ጥይት ጋር አነጻጸርኩት፤ ጉልበቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል።

«ይሄ ለጎሽ ነው» አለኝ። «ለከርከሮ የአባትህ ጠመንጃ ይበቃል።»

«ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

«ከርከሮውን አይጎዳም። አንተን ነው የሚጎዳው።»

እየቀለደ መሰለኝ። ገደል ሥር ወስዶ አንድ ጥይት አስተኮሰኝ። ትከሻዬ ለሳምንት በልዞ ሰነበተ፤ ጆሮዬም ጮኸ። «አንድ ልድገምልህ?» ሲለኝ እምቢ አልኩ። ጥይት ለመቆጠብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ጓደኛዬ፣ የእህቴ ባልና እኔ ማሳው ዳር ተቀመጥን። ፀሐይ እንደወጣች አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ ጅራቱን አቁሞ ብቅ አለ። ስልሳ እርምጃ አይርቅም። በትልቁ ጠመንጃ አነጣጠርኩ። ቃታውን ስስብ ግን ትከሻዬ ያንን ምት አስታወሰና ሰውነቴ ቀድሞ ተሸማቀቀ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ። ስገልጠው ከርከሮው የኋላ እግሩን እየጎተተ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ አየሁ።

ጓደኛዬ «ትንሽ እንቆይ፣ ይዳከም» አለ። የእህቴ ባል አልሰማውም። የደከመበት ማሽላ ነውና ጦሩን ይዞ ደሙን ተከተለ። ከርከሮው ከቁጥቋጦው ወጥቶ ጭኑን በጥርሱ ሰነጠቀው። ጓደኛዬ ጠመንጃውን ከእጄ ነጥቆ ሮጦ ደርሶ ከርከሮውን ጨረሰው። የእህቴን ባል በነጠላ አስረን፣ በቃሬዛ ተሸክመን መንገድ አወጣነውና በአይሱዙ ደባርቅ ሆስፒታል አደረስነው። ተሰፋ፤ ተረፈ። ያን ዓመት ግን እርፍ አልጨበጠም። እኔን አንድም ቃል አልተናገረኝም። እህቴ ናት ሆስፒታሉ በር ላይ የተናገረችኝ።

«ወንድምዓለም፣ አልችልም ብትለን ምን ነበረበት?»

የመድኃኒቱን ማዘዣ ከእጇ ተቀብዬ ልገዛ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የእናታችንን ወንድም ለመጠየቅ ወረድኩ። አጎታችን በጉብዝናቸው ዘመን በዚያ ቆላ የታወቁ አነጣጣሪ ነበሩ። ሚስታቸው ስትሞት መነኮሱና ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ትንሽ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ስትተኩስ ምን አየህ?» አሉኝ።

«ምንም፣ አባ። ጨፍኜ ነበር።»

«እንግዲያ የከርከሮው ነገር አይደለም። የፈራኸው ጠመንጃውን ነው።»

«ያስተምሩኝ።»

መሣሪያ ላይነኩ ቃል ገብተዋል፤ ማስተማሩ ከዚያ ይቆጠር አይቆጠር አላወቁም። «የንስሐ አባቴን ጠይቄ እነግርሃለሁ» አሉኝ። በሳምንቱ ስመለስ መልሱ ደርሷል። «‹ለጥርሱና ለዝና ከሆነ እምቢ በል፤ ለእህል ከሆነ አስተምር› ብለውኛል። ጠመንጃው ግን እጄ አይገባም።»

ትልቁን ጠመንጃ ለጓደኛዬ መልሼ የአባቴን ቤልጅግ አወጣሁ። ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ መካከለኛ ጥይት ነው የሚጎርሰው። አባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በባዶው ጠመንጃ አፈሙዝ ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ቃታ እንድስብ አዘዙኝ። ከተሸማቀቅኩ ሳንቲሙ ይወድቃል፤ መሬቱ ላይ ሲንቃጨል ይሰማሉ። «ወደቀ» ይላሉ፤ እንደገና አስቀምጣለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ወደቀ። በሦስተኛው ቅዳሜ አሥር ጊዜ ስቤ አንድ ጊዜ ብቻ ወደቀ። «አሁን ጥይት አምጣ» አሉ።

ጥይት መምረጡ ሌላ ጣጣ ነበር። ጓደኛዬ ከመግዣ ፈቃድ ወረቀታቸው ጋር ሦስት ዓይነት ሰጠኝ፤ ሦስቱም ቤልጅጉ የሚጎርሳቸው ናቸው። አንደኛው እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነ የወታደር ጥይት ነው። ሁለተኛው ቀላልና ፈጣን፣ ሦስተኛው ከባድና ዘገምተኛ፤ የእነዚህ የሁለቱ ጫፍ መዳብ የለውም፣ እርሳሱ ይታያል። ለአባ አንድ በአንድ ገለጽኩላቸው።

«ያ የተሸፈነው ለጦርነት የተሠራ ነው» አሉ። «በስቶ ያልፋል። ከርከሮው ሸለቆውን ወርዶ ነገ ይሞታል፤ አንተም ከኋላው ሰው ትልካለህ። የሁለቱን ግን አላውቅም። በእኛ ጊዜ ያገኘነውን ነበር የምንተኩሰው።»

ስለዚህ ፈተንኩት። ከዳባት ያለፈው ዓመት የተማሪ ደብተር በማዳበሪያ ጆንያ ይዤ ወረድኩ። ደብተሩን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሬ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። የሚሊሻውን አዛዥ አስፈቅጄ ከሰው ራቅ ያለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደረደርኩት፤ ጓደኛዬም አብሮኝ ነበር። የወታደሩ ጥይት እስክሪብቶ የሚያህል ቀዳዳ ትቶ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ቀላሉ ፊት ለፊት ያለውን ደብተር ቦጫጭቆ እዚያው ተበታተነ፤ ከርከሮ ጭቃ የደረቀበት ወፍራም ቆዳና የትከሻ አጥንት አለውና ይህን አልወደድኩትም። ከባዱ ጠልቆ ገባ። አውጥተን ስናየው ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተከፍቷል፣ አካሉ ግን አልተሰባበረም። በዚያ ቀን ሰሌዳ ላይ ለዓመታት የጻፍኩት ቀመር ግማሹን ብቻ እንደሚናገር ገባኝ። ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ ይነግራል፤ የት እንደሚያርፍና ማን እንደተሸከመው አይነግርም።

የመጨረሻውን ልምምድ የሠራችልኝ እህቴ ናት። አባ ያዘዟት ጠመንጃውን ከኋላዬ ሆና እንድታጎርስ ነው፤ አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ እተኩሳለሁ። ቀለህ ሲሆን አፈሙዙ ዝቅ ካለ ፈርቻለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ዝቅ አለ።

«ነቀነቅከው» አለችና ሳቀች። ባሏ ከተጎዳ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነበር።

«አንቺስ እስቲ ሞክሪው።»

ተቀበለችኝ። እኔ በተራዬ ከኋላዋ ሆኜ ባዶ ቀለህ አጎረስኩላት። አፈሙዙ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም አላለም። ጠመንጃውን መለሰችልኝ።

ማሽላው ከመታጨዱ በፊት አንድ ቀን አመሻሽ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ሁለት ከርከሮዎች ወጡ። እህቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ወንዱ ጎኑን ሰጥቶኝ እስኪቆም ጠበቅኩ። አባ እንዳሉኝ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከቁመቱ ሲሶ ከፍ አድርጌ አነጣጠርኩ። ዓይኔ ተገልጦ ነበር፤ ጥይቱ ሲመታው ከቆዳው ላይ የተነሳውን አቧራ አየሁ። ሃያ እርምጃ ያህል ሮጦ በግንባሩ ወደቀ። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ማንም አልተከተለውም። ቆይተን ስንደርስ ሞቷል። የተከፈተው እርሳስ በወዲያኛው ጎኑ ከቆዳው ሥር ተገኘ። ሥጋውን የሚበላ ስለሌለ ለጅብ ተውነው፤ ጥርሱን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አስረከብኩ።

ደስ ብሎኛል ማለት አልችልም። ለአባ ስነግራቸው «ደግ ነው። ደስ ቢልህ ነበር የሚያስፈራኝ» አሉና ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቁኝ።

ከፈቃዱ አንድ ከርከሮ ቀርቶ ነበር። ቀበሌው ሊያስጨርሰኝ ሲፈልግ ከእኔ የምትሻል ተኳሽ አለች አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው፤ ሊቀ መንበሩም «ሴት እንዴት?» አለ። የእህቴ ባል በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ።

«እኔ የተጎዳሁት በወንድ ጥይት ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ ብዙም አልተከራከሩም። ሦስተኛውን ከርከሮ እሷ መታችው፤ ከወደቀበት አልተነሣም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ፈቃድ ሲመጣ ወረቀቱ የወጣው በእሷ ስም ነበር፤ ጠመንጃውንም ወደ እሷ አዛወርኩት። እኔ ወደ መማሪያ ክፍሌ ተመለስኩ።