የምግቡ ሁኔታ፦ ጋሪ

«ሴት ልጅ ጎማ የላትም፤ ያስቀመጧት ቦታ ነው የምትገኘው» አለኝ አባቴ ፊት ለፊቴ፣ አገሬን ጎበሳን በምለቅበት ዋዜማ። ለሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ነበር። እስከ ጥምቀት ማኅተም ያለበት የሥራ ወረቀት ካላሳየሁ ልመለስ ተስማማን። አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ወረቀት ምን ያቅተኛል ብዬ በጠዋቱ መኪና አሰላ ገባሁ።

እናንተ ጎበሳ የቀራችሁት አሰላን በስም ነው የምታውቋት። ብርዷ ከእኛ አይብስም፤ ሰላምታዋ ግን አጭር ነው፣ «ደህና?» ብለው መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። አንድ ጎሚስታ አሮጌ የሞተር ሳይክል ጎማ ገጥሞ ጋሪ ሠራልኝ። ምድጃ ጫንኩበት፤ ፓስቲ እየጠበስኩ ልሸጥ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ጎማ ያለው ነገር መንገድ ላይ ቆሞ አይሸጥም፣ ከቆመ ሱቅ ነው፣ ሱቅ ደግሞ የቤት ቁጥር አለው አለኝ።

«ታዲያ እየገፋሁ ልጥበስ?»

«እሱን ደንቡ አይከለክልም» አለ። እየቀለደ አልነበረም። ምናልባት የጤና ምርመራ ወረቀት ካመጣሁ ለገበያው ሜዳ ፈቃድ ያይልኛል።

ወረቀቱ እስኪገኝ ልሸጥ ብዬ ኢተያ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነጋዴ አይታመንም፣ ነገ የት ይገኛል ይላሉ። ጎማዎቹን አስወልቀው ጋሪዬን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ፈቃዱም ለአጨዳ ጊዜ ብቻ ነው። የኢተያ ነፋስ ገለባ ያመጣል፣ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ በጭልፋ አወጣዋለሁ። የአባቴን ቃል አስብ ነበር ብል ደስ ይላችሁ ይሆናል፤ አላሰብኩም። አቦካለሁ፣ እጠብሳለሁ፣ እተኛለሁ።

ስንዴው ተሰብስቦ ሲያልቅ ፈቃዴም አለቀ። የኢተያው የጤና መርማሪ፣ የአርሲ ሰው፣ ፓስቲዬን ቀምሶ ወረቀት ሞላልኝ፤ ማኅተም መታበት። ጎማዎቹን መልሼ ገጥሜ አሰላ ተመለስኩ።

ጸሐፊው ከግርማዊነታቸው ፎቶ ሥር ተቀምጦ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«የምግቡ ሁኔታ፦ ጋሪ» አለ። «ሰውዬው ምግቡን እይ ቢባል ጋሪውን አይቶ ነው የመጣው?»

«ጋሪ በኦሮምኛ ጥሩ ማለት ነው፣ ጌታዬ። ምግቡ ጥሩ ነው ማለቱ ነው።»

«ጋሪውስ?»

«እሱም ጋሪ ነው።»

ማንም አልሳቀም። በአማርኛ ቅጽ ላይ ጋሪ ማለት ጋሪ ነው፣ የጻፈው ሰው በገዛ እጁ ያርመው ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። መርማሪው ግን በዚያው ሳምንት ወደ ዴራ ተዛውሯል።

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው አጎቴ ሊወስደኝ መጣ። መናኸሪያው በር ላይ ከነጋሪዬ አገኘኝ። ሻንጣሽ የት አለ፣ የሙሽራው ወገኖች ድንኳን ጀምረዋል አለ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ምን ይላል?»

«ጋሪ ይላል፣ ጋሼ።»

አጎቴ ከእኔ የበለጠ ኦሮምኛ ያውቃል። ፊቱ ፈታ አለ።

«መንግሥት ራሱ ጋሪ ካለማ ምን ቀረ» አለ። «ለአባትሽ እንደዚሁ እነግረዋለሁ።»

ግንባሬን ስሞኝ ብቻውን ተሳፈረ። አውቶቡሱ ወደ ጎበሳ ዞረ። እኔ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አድርጌ፣ ወረቀቱን ከደረቴ ከትቼ፣ ጋሪውን በኢተያ በኩል ወደ ዴራ መግፋት ጀመርኩ።