ጉጉቷ ሰሊጥ የት አየች?

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ሲቋጠር ምን ያህል ይወጣዋል? ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሰማ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ተወለደ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ታመመ፣ በጸበልም በሕክምናም ሲረዳ ቆይቶ ዐረፈ። ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ይገባል፣ አፈሩ ይመለሳል፣ ሕዝቡ ጫማውን አራግፎ ወደ ንፍሮው ይሄዳል። ሰውየው አንድ ቀን ከአፉ ያመለጠችውን፣ ሊመልሳት ሲሮጥ የኖረላትን አንዲት ቃል ግን ማንም አያነብለትም። ምናልባት ዕድሜው ሁሉ እሷው ነበረች።

የአገርነሽም ታሪክ አንድ ቀን ይነበባል። ስለ ጉጉቷ ግን የሚጽፍ አይኖርም።

የተወለደችው ደራ፣ ከአንበሳሜ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አክስቷ ስመ ጥር አልቃሽ ነበረች። ልጅቱ ከምንጭ ስትመለስ የአክስቷን ሙሾ እያንጎራጎረች ትመጣና፣ "ዝም በይ! ማንን ልትገድዪብን ነው?" እየተባለች ትቆነጠጥ ነበር። በዚያ አገር ሬሳ በሌለበት ሙሾ አይወርድም። የተጻፈ ሕግ አይደለም፣ ከተጻፈው ግን ይበረታል። ሰው ሳይሞት የለቅሶ ዜማ ያሰማ አፍ ሞትን በስሙ እንደጠራ ይቆጠራል።

አድጋ ባሕር ዳር ተዳረች። ባሏ ቶሎ ሞተባትና ከጣና ዳር አሣ እየበለተች አንድ ልጇን ክንዱን አሳደገች። ከታንኳ የወረደውን ቆረሶና አምባዛ ቅርፊቱን ፍቃ፣ አከርካሪውን አውጥታ ለገዢ ታዘጋጃለች። ግሽ አባይ ሰፈር ሰው ሲሞት ደግሞ እጇን በሎሚ ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች። እሷ ያልደረሰችበት ለቅሶ፣ "ምን ለቅሶ ነው፣ ስብሰባ ነው እንጂ" ይባል ነበር።

ክንዱ ጎረምሳ ሲሆን ከጓደኞቹ ጋር ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ። ጓደኞቹ ተመለሱ። እሱን "ሌላ እርሻ አለ ብሎ ከመንገድ ተለየን" አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ መንገድ ይዘጋል፣ አንድ ጊዜ ስልክ ይጠፋል፣ ዓመት ዓመትን ወለደ። ጎረቤት ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ "መርዶው ይነገርና ታልቅሰው፤ የታመቀ እንባ ሰው ይገድላል" ሲል፣ ግማሹ፣ "ሬሳ ሳይታይ ምን ተብሎ?" ይላል። እሷ ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር።

"ሲሞት ያየ ሰው ይምጣ። ያን ጊዜ ድንኳኑን ትተክላላችሁ።"

አልቃሽ በሰው ለቅሶ ላይ የራሷንም ሙታን መጥራቷ ወግ ነው። አገርነሽ ባሏን ትጠራለች፣ እናቷን ትጠራለች፣ አክስቷን ትጠራለች። ክንዱን አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃታል፤ እሷም ጠርዙ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። ልጇን በሕይወት ያቆየችው በዚያች ዝምታ ነበር።

ካርቱኑ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ስለ አንዲት ጉጉትና ስለ ጫጩቷ የሚተርክ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን የሞላበት የውጭ ፊልም ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም ፍላሽ አይጠፋምና ከቤት ቤት እየተገለበጠ የባሕር ዳርን ሕፃን ሁሉ አሳበደው። ግሽ አባይ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ትርጉም ፊልም የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ ኪሩቤልና የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሪሃብ። ንግግሩን አማርኛ አድርገው ጨረሱ። ዘፈኖቹንም አንድ በአንድ ዘፈኑ። የእናቲቱ ጉጉት ዘፈን ግን እምቢ አላቸው፤ ቢሞክሩት ቢሞክሩት የልደት ዘፈን ይመስላል። ያን ጊዜ ኪሩቤል በአያቱ ቀብር የሰማት ሴት ትዝ አለችው።

ሁለቱም ከሐይቁ ዳር ድረስ መጡ።

"እትዬ አገርነሽ፣ እንደምን ዋሉ? ድምፅዎን ፈልገን ነበር።"

ቢላዋዋን አቆመች። "ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ ድምፄን ምን ልታደርገው?"

"ለጉጉት ነው፣ እትዬ።"

አጠገቧ አሣ የምትፍቀው ኪዲ፣ "ጉጉትም እድር ገባች?" ስትል ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። "ሂጂ እንጂ! በጉጉት ለቅሶማ ንፍሮው አይጥ ነው!"

ሪሃብ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ "እናት ናት፣ እትዬ። ልጇን ጎርፍ ወሰደባት" አለቻት።

አገርነሽ አሣውን አስቀመጠች፤ እጇንም ታጠበች።

ክፍሉ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ ትንፋሽ የሚያጥርበት ጠባብ ቤት ነው። ሪሃብ የጻፈችውን ግጥም አነበበችላት። "ሸጋ ነው የኔ ልጅ፤ ግን ይሄ ለተከፋ ነው፣ ላለቀሰ አይሆንም። እስቲ እሷኑ አሳዩኝ" አለች። መብራት ሳይሄድ ለመቅረጽ ቸኩለው ያችን ቦታ ብቻ አሳዩዋት፦ ዝናቡ አባርቷል፣ ጎጆው የለም፣ ጉጉቷ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ጎርፉን ታያለች።

"ልጁስ?" አለች አገርነሽ።

"ጎርፉ ወሰደው" አለ ኪሩቤል፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ። እስከዚያ ድረስ እውነቱን ነው።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፋች። እንዲህም አወረደች፦

ጎጆህን ሠርቼ ከዛፍ ላይ ሰቅዬ፣
ውኃ መች ይደርሳል ለክንፋም ልጅ ብዬ።
አፈር አላየህም፣ ድንጋይ አልተጫነህ፣
የሰው አገር ሰሊጥ ነው ወይ የከደነህ።

ስትጨርስ ሪሃብ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ነበር። ኪሩቤል ደግሞ፣ "በአንድ ጊዜ! በአንድ ጊዜ አለቀ!" እያለ ወንበሩ ላይ ይዘላል። አገርነሽ ያለችውን አላወቀችውም። አልቃሽ ከለቅሶ ስትወጣ ያወረደችውን የሚነግራት ሌላ ሰው ነው። ወደ አሣዋ ተመለሰች።

ትርጉሙ በወጣ በሳምንቱ ከተማው ተከፋፈለ። ባጃጁ ይዘፍነዋል፣ ፀጉር ቤቱ ይከፍተዋል። "ይሄንማ ፈረንጁም ቢሰማው ያለቅሳል" የሚለው አለ። "ፈረንጁ እንደዘፈነው ቢተዉት ምን ነበረበት? ልጅ ይሣቅበት ብለን በከፈትነው ለቅሶ ቤት አስገቡን" የሚለውም አለ። "ወትሮም ጉጉት! ሲሆን ሲሆን ርግብ መርጠው ቢሆን" ብለው ያማተቡ እናቶች ነበሩ። አንዲት አስተማሪ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት አሻንጉሊት በቅጠል ሸፍነው ሙሾ ሲያወርዱ አግኝታቸው ወላጅ ሰበሰበች። አንድ አባት ግን፣ "ልጄ ሲያለቅስ አፍሮ አያውቅም ነበር፣ አሁን አፍሮ ተደበቀ፤ ትልቅ ሰው ሆነ ማለት ነው" ብሎ በኩራት አወራ። እንዲህ እየተባለ ሲነሣ ሲጣል፣ ሁሉም አንዲት ጥያቄ ላይ ይገናኛል። ሰሊጡ ከየት መጣ?

አገርነሽ ፊልሙን ያየችው ከሁሉ በኋላ ነው። ጎረቤቷ ወለተ ሩፋኤል፣ "የራስሽን ድምፅ አገር ሰምቶት አንቺ ሳትሰሚው?" ብላ ጎትታ ወሰደቻት። ከልጆቹ ኋላ ተቀመጠች። ለቅሶው መጣ፤ ድምፅዋን ሰማች። "ሰሊጥ" ሲል ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፣ መልሳም ተቀመጠች፤ ማንም አላያትም። ፊልሙ ግን በዚያ አላበቃም። ከጎርፉ ማዶ፣ በተንሳፈፈ ግንድ ላይ፣ ጫጩቱ ረጥቦ ተቀምጧል። ክንፉን ሞከረ፣ ወደቀ፣ ሞከረ፣ በረረ። ልጆቹ ቤቱን በጩኸት አነቃነቁት።

"በሕይወት ነበር እንዴ?" አለች አገርነሽ።

"መጨረሻውን ሳታውቂ ነው ያለቀስሽለት?" አለች ወለተ ሩፋኤል በድንጋጤ።

"ጎርፍ ወሰደው አሉኝ።"

"ውይ! ውይ አገሬ! ላልሞተ ልጅ?"

ከዚያን ቀን ወዲያ ዕረፍት አልነበራትም። አሣ ስትበልት ቢላዋው አሣውን ስቶ ጣቷን ያገኛል። ውኃ ልትጠጣ ትነሣና ለምን እንደተነሣች ትረሳዋለች። አንድ ሐሳብ፣ ሟርተኛ አፍ፣ ገደልሽው ይላታል። ሌላው ደግሞ፣ የተለቀሰለት ጫጩት መጥቷል እኮ፣ ያንቺስ ለምን አይመጣም ይላታል። በዚያኛው ልትጽናና ወደ ወለተ ሩፋኤል ቤት ትሄዳለች፤ "እስቲ መጨረሻውን ክፈቱልኝ" ትላለች። ልጆቹ ግን መጨረሻው ላይ ለመድረስ ሁልጊዜ በለቅሶው በኩል ያልፋሉ። ልትሸሽ ሐይቁን ይዛ ትሄዳለች። ከኋላዋ ባጃጅ ይመጣል፣ ዘፈኑን ከፍቶ። ባጃጁ ባለፈ ቁጥር ክንዱ አንድ ጊዜ ይሞታል። የሰው ልጅ በአንድ ሞት ሲያዝን ኖሯል፤ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ግን ሞት ማለቂያ የለውም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ዮሐንስ ከሁለት ሽማግሎች ጋር መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም።

"አገርነሽ እታለም፣ ስንለምንሽ፣ ሲሞት ያየ ይምጣ አልሽን። እሺ አልን። እንግዲህ አፉ የሌላ ሰው ቢሆን ባልመጣሁ፤ ያንቺው አፍ ነው። ድንኳኑን እንትከልልሽና ወጉ ይድረሰው።"

"እኔ ያለቀስሁ ለጉጉቷ ነው፣ አቶ ወልደ ዮሐንስ።"

"ይሁና። ጉጉቷ ሰሊጥ የት አየች?"

ግን ድንኳኑን አላስተከለችም። ሽማግሎቹን እስከ በር ሸኝታ፣ እግሯ እዚያው ቀጠለና ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ደረሰች።

"ልድገመው" አለች፣ ሳትቀመጥ። "ያን ጊዜ በሕይወት እንዳለ አልነገራችሁኝም። አሁን አውቄዋለሁ። ላልቅስለት አይደለም፣ ልጥራው። ማዶ ያለን ሰው እንደምንጠራው።"

ኪሩቤል ደነገጠ። "እትዬ፣ ሰው እኮ አብዶለታል! ወረታ ገብቷል፣ እንፍራንዝ ያለው አጎቴ እንኳ አይቶታል። የተበተነውን ማን ይሰበስበዋል?"

"የተበተነው ይቅር። እናንተ ዘንድ ያለው ይታረም። ከእናንተ አይደል የሚገለበጠው?"

"እሱማ..." አለና ሪሃብን አየ። ሪሃብ መሬት መሬት አየች። ሌላ ፊልም ጀምረው ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ሄደች። ልመናዋን አሳነሰችው። "መድገሙ ይቅር። ሰሊጧን ብቻ አውጡልኝ። አንዲቷን ስንኝ። የቀረው ለጉጉቷ ይሁን።"

"እትዬዋ" አለ ኪሩቤል፣ ሊያስቀይማት እንዳልፈለገ ሁሉ ድምፁን አለስልሶ፣ "ሰው የሚያለቅሰው እዚያችው ላይ ነው እኮ። እሷ ከወጣች ምን ቀረ?"

ፊልሙን የጠሉት ይረዱኛል ብላ ወደ አስተማሪዋ ሄደች። አስተማሪዋ ወንበር ሰጥታ፣ አክብራ ሰማቻት። "እኔ ከነጭራሹ ይታገድ ነው የምለው፣ እማማ። አንድ ስንኝ ወጣ ከተባለማ ታርሟል ብለው አፌን ያስይዙኛል።" ወደ አቶ ወልደ ዮሐንስም ሄደች፤ እርስዎ ቢነግሯቸው ልጆቹ እምቢ አይሉም ብላ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "የወጣ መርዶ ተመልሶ አይዋጥም፣ እታለም። እኔ እንዲያ ያለ ነገር ውስጥ አልገባም።" ወለተ ሩፋኤል እንኳ፣ "ልጆቼ በቃላቸው ይዘውታል፤ ከጭንቅላታቸው በምን ላውጣልሽ?" አለቻት።

የወደዱት ስለወደዱት፣ የጠሉት ስለጠሉት፣ ያዘኑላትም ስላዘኑላት እንዳለ ተዉት።

አሁንም ከጣና ዳር አሣ ትበልታለች። ለቅሶ ስትጠራ ግን አትሄድም፤ የሞተባቸው ቅር ይሰኙባታል። ታንኳው ዳር ሲደርስ ሴቶቹ ወደ አሣው ሲጎነበሱ፣ እሷ ቀና ብላ የሚወርዱትን ሰዎች ታያለች። ኪዲ ስትቀልድባት፣ "ማንን ነው የምትጠብቂው፣ ጉጉቷን?" ትላታለች። እሷም ትሥቃለች፤ ሥቃ ስታበቃ ግን ለሚመጣ ገዢ ሁሉ፣ ስልክ ለያዘ ጎረምሳ ሁሉ፣ ያችኑ ትለምናለች።

"ልጄ፣ ይሄን የጉጉቷን ለቅሶ ትችለው እንደሆን፣ ሰሊጧን ብቻ አውጣልኝ።"

ያወጣላት የለም።