በትርፌ አንገት የታሰረው ብረት

የበደለችኝ አክስቴ ካሰች ናት፤ የአባቴ እህት። ጊዜው ማሽላው ራስ ሳያወጣ ቆሞ የደረቀበት ዓመት ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ። ሰው ሁሉ ደግ ሴት ነበረች ይላል። ይበል። እኔ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ራሴን እያዞረኝ ሰቆጣ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ትሁት። "እማማ፣ ነጠላዎንና ጫማዎን ያውልቁና ሚዛኑ ላይ ይውጡ" አለችኝ። ወጣሁ። ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች።

"ክብደትዎ በዝቷል። የደም ግፊትም አለ። ምግብ ይቀንሱ።"

ተራ የምትጠብቅ አንዲት የገበያ ሴት ሳቀች። "ምን ነካሽ ልጄ፣ ሥጋዋ አይደል ያስከበራት! አቅጥነሽ ልትመልሻት ነው?"

ነርሷም ሳቀች። "ሳህኑ ላይ ሲተርፍ ይተዉት ማለቴ ነው።"

"አይተርፍም" አልኳት። እውነቴን ነው። ሳህን ላይ ጉርሻ ትቼ አላውቅም። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ አልጋዬ ሥር ግን ለአምስት ሰው የሚበቃ ዱቄት ሁልጊዜ አለ።

እየጻፈች ጠየቀችኝ፦ "በልጅነትዎ ረሃብ አግኝቶዎት ያውቃል? በልጅነቱ የተራበ ሰው ሲያረጅ በግፊትና በስኳር የሚቸገርበት ጊዜ አለ።"

"አላገኘኝም።"

"ሌላስ የሚነግሩኝ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

ይህን ቃል ሚዛን አጠገብ ስናገር ሁለተኛዬ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከሰቆጣ በታች፣ ዝቋላ ቆላ ነበር። እናታችን ታናሽ እህቴን ትርፌን በወለደች በዓመቱ ሞተች። አባታችን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ቀረ። ሁለታችንንም የወሰደችን አክስቴ ካሰች ናት፤ ይህን አልክድም። በዚያ ዓመት ፍየሎቹ ግማሾቹ ተሸጡ፣ ግማሾቹ ሞቱ። ቁርቁራ የሚባለውን የዱር ፍሬ እየለቀምን፣ አድርቀንና ወቅጠን እንበላ ነበር። አፍ ላይ ይጣፍጣል፣ ሆድ ውስጥ ግን እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ዛሬም ገበያ ላይ ቁርቁራ ሳይ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ሰቆጣ ዳር ሕፃናት እየተመዘኑ ለከሱት ወተትና ዱቄት ይሰጣል የሚል ወሬ መጣ። ሁለት ቀን ተጓዝን። ትርፌን ያዘልኳት እኔ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ግን ክብደቷ አይሰማኝም። መውደቅ አለመውደቋን ለማወቅ በየመንገዱ እየቆምኩ እጄን ወደ ኋላ እሰድ ነበር። ከቆላው ወጥተን ደጋው ሲቀበለን ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ከመሰለፋችን በፊት አክስቴ ዛፍ ሥር አስቀመጠችን። ከጉያዋ አንድ የቆዳ ጥቅልል አወጣች። ውስጡ የተሰበረ የማረሻ ጫፍ ነበር፣ መዳፍ የሚያህል። እኛ ዘንድ ብረት ክፉ ዓይን ይከለክላል ይባላል፤ አራስ ልጅ ትራስ ሥርም ይቀመጣል። እዚያ ደግሞ ልጅ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ፣ በማያውቀው ሰው ሁሉ ፊት ኪሎው ጮክ ተብሎ ይጠራል። አክስቴ ከረሃቡ ይልቅ የፈራችው ይህን ነው።

"ይህ ሁሉ ዓይን እያየ ባዶዋን አልሰቅላትም" አለችና ብረቱን ከትርፌ ክታብ ጋር አንገቷ ላይ አስራ በቀሚሷ ሸፈነችው።

መዛኙ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው። የእሱ ቋንቋ አማርኛ፣ የአክስቴ ኽምጣኛ። አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት እኔ ስለሆንኩ በመካከላቸው የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

"ልብሷን አውልቁላት" አለ።

ነገርኳት። "ብርድ ነው፣ ትታመምብናለች በይው" አለችኝ። አልኩት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰውየው ደክሞታል።

"ይሁን፣ ስስ ልብስ ነው። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ?"

አክስቴን አየኋት። ጥያቄው ገብቷት ኖሮ በኽምጣኛ፣ "የለም በይ። ብትናገሪ የእህትሽ ደም በእጅሽ ነው" አለችኝ።

"ምንም የለም" አልኩ።

ትርፌ ተንጠለጠለች። አላለቀሰችም። ሰውየው ወረቀቱን አየና፣ "በጥቂት አልፋለች። በሚቀጥለው ወር አምጧት" አለ። ከኋላችን ያሉ እናቶች በምቀኝነትም በደስታም እግዚአብሔር ይመስገን አሉ።

"ምን አለ?" አለች አክስቴ።

"አልከሳችም ነው የሚለው። አይሰጠንም። እትዬ ካሰች፣ ብረቱን ፍቺውና እንደገና ይመዝናት።"

"ዝም በይ! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ልታስብዪኝ?"

በመጣንበት መንገድ ተመለስን።

ትርፌ ወሩን አልጨረሰችም። ስትገነዝ ብረቱን ከአንገቷ የፈታሁት እኔ ነኝ።

በዚያን ሰሞን የእኔም እግር አብጦ፣ ፊቴ ሞልቶ ነበር። ረሃብ እንደዚያ ውሃ እንደሚያስቋጥር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ለትርፌ ለቅሶ በተቀመጥንበት አክስቴ ተነሥታ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"እዩት ጉንጯን! እዩት እግሯን! የሕፃኗን ድርሻ እየበላች ነው እንዲህ የፋፋችው!"

ስለ ብረቱ አልተናገረችም። ጣቴን ባቴ ላይ ተጭኜ የሚቀረውን ጉድጓድ ለለቀስተኛው ማሳየት እችል ነበር። አላሳየሁም። ብናገር ሚዛኑ ጋ ያልኩትም አብሮ ይወጣል። እህቷን የበላች የሚለው ስም ዝቋላን ለቅቄ ሰቆጣ ስገባ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር፤ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ የመጡ ሽማግሌዎችንም አንዴ መልሷል።

ከጤና ጣቢያው እንደተመለስኩ ብረቱን ከሣጥኔ አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ያህል አይከብድም። አንዳንድ ቀን አክስቴን እረሳትና መዛኙን አስባለሁ። ጠይቆኛል። ያንን ጥያቄ የጠየቀው እኔን ነው፣ በሚገባኝ ቋንቋ።

ነርሷ ይቀንሱ ያለችኝን ምግብ አልቀነስኩም።

ከዓመታት በፊት አክስቴ ካሰች አርጅታ ጠዋሪ ስታጣ፣ ሄጄ አመጣኋት። ልብሷ ውስጥ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቤቴ አስቀመጥኳት። እስክትሞት አራት ዓመት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከራሴ አስቀድሜ አበላኋት። ጎረቤት እስካሁን ስለዚህ ይመርቀኛል። በአራቱ ዓመት አንድ ቃል አላናገርኳትም።