ትከሻ ላይ የቀረ እጅ

ያን ሰውዬ ማን እንደጋበዘው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስድስት ጓደኛሞች በወር አንዴ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ተሰብስበን ስላነበብነው መጽሐፍ እንጫወታለን። የዚያን ቀን ተራው የአንድ ዝነኛ የቀድሞ እስረኛ ግለ ታሪክ ነበር።

እንግዳው በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ኮቱ ከመተኮስ ብዛት ክርኑ ላይ ያብለጨልጫል። የቀኝ አመልካች ጣቱ ከግማሹ የለም፤ ስለዚህ ገጽ የሚገልጠው አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ነው። ያውም የእኔን መጽሐፍ!

ደግሞ አያነብም እኮ። ፎቶዎቹ ጋ ይደርሳል፣ ያፈጣል፣ ይከድነዋል፤ መልሶ ይከፍተዋል።

መምህሯ ጓደኛችን ዓይኗ እንባ አቀረረ። “ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ መከራ ብቻውን ቻለው!” አለች።

ፋርማሲስቱም ተቀበላት፤ “የዚህ ሰው ሐቀኝነት አጥንት ድረስ ይዘልቃል።”

“እትፍ!” አለ እንግዳው መሐረቡ ላይ።

“ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው!” አልኩት፤ አላስቻለኝም።

መጽሐፉን ገልጦ ወደ እኔ ገፋው። ደራሲው ከእስር የወጣ ዕለት የተነሳው ፎቶ ነው፤ ብቻውን ቆሞ ይስቃል። ትከሻው ላይ ግን የሌላ ሰው እጅ አለ። የእጁ ባለቤት ከፎቶው ተቆርጦ ወጥቷል፤ እጁ ብቻ ቀርቷል። አመልካች ጣቱ ከግማሹ የለም።

ቀና ስል ሰውየው ኮቱን እየቆለፈ ነበር።

“መዋሸቱንስ ይዋሽ፣ ልማዱ ነው” አለኝ ፊቱን አኮማትሮ። “መቁረጥ እንኳ አያውቅበትም!”